በደረት ሕመም ከመጡ ሕሙማን ደም ማይክሮ አር ኤን ኤን በትክክል እንዴት መለካት ይገባል

ወደ ልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ በድንገት ተዘግቶ ጡንቻው መሞት ሲጀምር፣ በተለምዶ ሃርት አታክ የምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ይከሰታል። የሚሞቱት የልብ ሴሎች በውስጣቸው የነበረውን ወደ ደም ስለሚለቁ፣ የተለቀቀውን ነገር ከደም ውስጥ ፈልጎ በማግኘት የጡንቻውን ጉዳት ማወቅ ይቻላል፤ ሐኪሞች ዛሬ የሚመኩበት፣ ትሮፖኒን የተባለውን የልብ ጡንቻ ፕሮቲን የሚለካው ምርመራም የቆመው በዚሁ መርሕ ላይ ነው። ከትሮፖኒን ጋር ግን ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ፣ ርዝመታቸው 22 ኑክሊዮታይድ አካባቢ ብቻ የሆነ አጫጭር የአር ኤን ኤ ሞለኪውሎችም ይወጣሉ። ይህ መመሪያ እነዚህን ሞለኪውሎች ለምርምር ለመለካት ለተነሡ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች፣ የላብራቶሪ ባለሙያዎችና ሐኪሞች የተጻፈ ነው።

በዚህ ዘርፍ የታተሙ ብዙ ውጤቶች እርስ በርሳቸው ይጋጫሉ። በእኔ እምነት ከግጭቱ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ማሽኑ ወይም ሞለኪውሉ ሳይሆን፣ ደሙ ከክንድ ከወጣበት ደቂቃ አንሥቶ ፍሪዘር እስኪገባ ድረስ ያለው አያያዝ ነው። ስለዚህ ስለ ማሽኑ የምለው አጭር ሲሆን፣ ስለ መርፌው፣ ስለ ቱቦውና ስለ ሴንትሪፉጁ የምለው ግን ረዘም ይላል።

ይህ ልኬት ለሕክምና ውሳኔ የሚውል አይደለም። የደረት ሕመም ይዞት የመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ውስጥ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ማለትም ኢሲጂ ሊነሣ፣ ትሮፖኒኑም ሊለካ ይገባል። ለጥናት የሚወሰድ ደም ይህን ለአንድ ደቂቃ እንኳ ሊያዘገይ አይገባም፤ የጥናቱ ቱቦ የሚሞላው ለሕክምናው ደም በሚቀዳበት በዚያው መርፌ ነው።

ምን እንደሚለኩ ይወቁ

ማይክሮ አር ኤን ኤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲ. ኤለጋንስ በምትባል አንድ ሚሊሜትር ገደማ በምትሆን ትል ውስጥ ሲሆን፣ ግኝቱ ለቪክቶር አምብሮስና ለጋሪ ሩቭኩን የ2024ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። በሴል ውስጥ የማይክሮ አር ኤን ኤ ሥራ የፕሮቲን መልእክት የያዘውን ረጅሙን አር ኤን ኤ መቆጣጠርና ማገድ ነው። ትሏን ወደ ኋላ ስለምንፈልጋት አይርሷት።

በደም ውስጥ አር ኤን ኤን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ሞልተዋል። ያለ ጠባቂ ደም ውስጥ የገባ አር ኤን ኤ ወዲያው ይጠፋል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2008 የወጡ ጥናቶች ማይክሮ አር ኤን ኤ በፕላዝማ (ሴሎቹ በተወገዱለት የደም ፈሳሽ) እና በሴረም (ደሙ ከረጋ በኋላ በሚቀረው ፈሳሽ) ውስጥ ሳይበላሽ እንደሚቆይ አሳዩ። ምክንያቱም ብቻውን አለመሆኑ ነው፤ ከፊሉ አርጎናውት 2 ከሚባል ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ፣ ከፊሉ ሴሎች በሚለቋቸው ጥቃቅን ከረጢቶች ውስጥ ታሽጎ፣ ከፊሉም በኤች ዲ ኤል የስብ ቅንጣቶች ላይ ተጭኖ ይዘዋወራል።

ለልብ ጥናት ደጋግመው የሚነሡት አራት ናቸው (“ሚር” የማይክሮ አር ኤን ኤ ምኅጻር ነው)፤ ሚር-1፣ ሚር-133ኤ፣ ሚር-208 እና ሚር-499። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በልብም ሆነ በአጥንት ጡንቻ በብዛት ስለሚገኙ፣ ሕሙሙ ወድቆ ከተጎዳ፣ ደረቱ ተጨምቆ ነፍሱ ከተመለሰ፣ ወይም ከመምጣቱ በፊት በጤና ጣቢያ የሕመም ማስታገሻ መርፌ ጡንቻው ላይ ከተወጋ ልቡ ሳይነካ እንኳ ሊጨምሩ ይችላሉ። ይህ የመጨረሻው እኛ አገር የተለመደ ስለሆነ በመጠይቁ ላይ የራሱ ጥያቄ ይኑረው።

ሚር-208 ሁለት ዓይነት ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አለማወቅም ብዙ ሰው አሳስቷል። ሚር-208ኤ የሚገኘው አልፋ የተባለውን የልብ ማዮሲን በሚሠራው ጂን ውስጥ ሲሆን፣ ሚር-208ቢ ደግሞ ቤታ የተባለውን በሚሠራው ጂን ውስጥ ነው። የአይጥ ልብ በአብዛኛው የሚሠራው በአልፋ ነው፤ የአዋቂ ሰው የታችኛው የልብ ክፍል ግን በቤታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ከቻይና የወጣ ጥናት ሚር-208ኤ በጤነኞች ደም ሳይገኝ በአብዛኞቹ ታማሚዎች ደም መገኘቱን ቢያሳይም፣ በኋላ የተነሡ በርካታ ላብራቶሪዎች በሰው ደም ውስጥ ሊለኩት ተቸግረዋል። ምርጫው የእርስዎ ከሆነ ሚር-208ቢንና ሚር-499ን ይያዙ፤ ሚር-1ን እና ሚር-133ኤን ደግሞ በደም ውስጥ ቶሎ ስለሚታዩ ይጨምሩ። ጉበት ብቻ በብዛት የሚሠራውን ሚር-122ንም አብረው ቢለኩ፣ ሕሙሙ ደሙ አጥሮት ጉበቱ መጎዳት አለመጎዳቱን ይነግርዎታል።

ጥያቄውን ከቱቦው በፊት ያዘጋጁ

እጅግ የተለመደው ስሕተት ሠላሳ ታማሚዎችን ከሠላሳ ጤነኛ ደም ለጋሾች ጋር ማወዳደር ነው። ድንገተኛ ክፍል ያለ ሐኪም አንድን ሰው ከጤነኛ ደም ለጋሽ ለመለየት አይቸገርም፤ የሚቸግረው በደረት ሕመም ከመጡት መካከል ልቡ የተጎዳውን ጨጓራው ወይም ጡንቻው ከሚያመው መለየት ነው። ስለዚህ የንጽጽር ቡድንዎ በደረት ሕመም መጥተው በመጨረሻ ሌላ ምክንያት የተገኘባቸው ሰዎች ይሁኑ። ይህን ሲያደርጉ አኃዞቹ ማማራቸው ይቀራል፤ እውነቱ ግን እዚያ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ረቂቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው አራተኛው ዓለም አቀፍ ትርጓሜ ድንገተኛ የልብ ጡንቻ ሞት ለማለት ትሮፖኒን ከፍ ወይም ዝቅ ሲል መታየት እንዳለበት፣ ቢያንስ አንዱ ውጤትም ከጤነኞች 99ኛ ፐርሰንታይል በላይ መሆን እንዳለበት ይደነግጋል። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ትሮፖኒን ከሆነ፣ በዚያ ፍርድ ቤት ትሮፖኒንን የሚረታ ሌላ ምልክት ሊኖር አይችልም፤ ዳኛውም ተከራካሪውም አንድ ናቸውና። ማይክሮ አር ኤን ኤ ከትሮፖኒን ይበልጣል ወይ ብሎ በዚህ መንገድ መጠየቅ ገና ከጅምሩ መልሱ የተወሰነ ጥያቄ ነው።

ከዚህ መውጫ ሦስት መንገዶች ይታዩኛል። አንደኛው ጉዳቱ የደረሰበት ደቂቃ በእርግጠኝነት የሚታወቅበትን ሁኔታ መጠቀም ነው። የልብ ጡንቻቸው ከልክ በላይ ወፍሮ የደም መውጫውን ለዘጋባቸው አንዳንድ ሕሙማን፣ ሐኪሞች አልኮል ወደ አንዲት ትንሽ የልብ ቧንቧ በመርጨት የተወሰነ ጡንቻ ሆን ብለው እንዲሞት ያደርጋሉ። ከጀርመን እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት በእነዚህ ሕሙማን ደም ውስጥ ሚር-1 እና ሚር-133ኤ በ15 ደቂቃ ውስጥ መጨመር እንደሚጀምሩ አሳይቷል። እኔን ወደዚህ ዘርፍ የሚስበኝ ይህ ውጤት ነው፤ ሞለኪውሎቹ ፈጣን መሆናቸውን ያለ ጥርጣሬ ያስረዳልና። ሁለተኛው መንገድ የጉዳቱን ስፋት በልብ ኤም አር አይ ለክቶ ከዚያ ጋር ማነጻጸር ነው። ሦስተኛው፣ ለብዙዎቻችን አቅም የሚሆነው፣ ጥያቄውን ከ“አለ ወይስ የለም” ወደ “ወደፊት ምን ይሆናል” ማዞር ነው፤ ሕሙማኑን ለወራት ተከታትሎ የልባቸው የመርጨት አቅም በኢኮ ምርመራ ሲታይ መውረድ አለመውረዱን መመዝገብ።

ለዚህ ሦስተኛ ጥያቄ ረጃጅሞቹ የአር ኤን ኤ ዓይነቶችም እጩዎች ናቸው። ሊፕካር የተባለው ከማይቶኮንድሪያ የሚመነጭ ረጅም አር ኤን ኤ እ.ኤ.አ. በ2014፣ ሚክራ የተባለው ክብ አር ኤን ኤ ደግሞ በ2016 ከልብ ጉዳት በኋላ የሚመጣን የልብ ድካም ለመተንበይ ቀርበዋል። ሚክራ የሚለካው ከሴሎቹ ጋር ባለው ሙሉ ደም በመሆኑ፣ አር ኤን ኤን ወዲያው የሚጠብቅ ልዩ ቱቦ ይፈልጋል። ይህ መመሪያ የሚመለከተው ፕላዝማን ስለሆነ ከዚህ በላይ አልሄድበትም።

ሰዓቱን ይመዝግቡ፤ የትኛው ሰዓት እንደሆነም ይጻፉ

የእነዚህ ሞለኪውሎች መጠን በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት የማያውቁለት ናሙና ግማሽ ዋጋውን አጥቷል። ሕሙሙ “ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጀመረኝ” ሲል ማሽኑ የሚያውቀው 02:00 ሰዓት ነው፤ ነርሷ 8 ሰዓት ብላ ጽፋ የመረጃ አስገቢው ልጅ 08:00 ብሎ ቢያስገባው የስድስት ሰዓት ስሕተት ተፈጠረ፤ ስድስት ሰዓት ደግሞ በዚህ ጥናት ውስጥ ሁሉም ነገር ነው። በቅጹ ላይ የሕሙሙን አነጋገር እንዳለ የሚጻፍበት አንድ ሳጥን፣ ወደ 24 ሰዓት አቆጣጠር ተለውጦ የሚጻፍበት ሌላ ሳጥን ያዘጋጁ። ቀኑንም በኢትዮጵያና በአውሮፓ አቆጣጠር ለየብቻ ያስጽፉ።

ደም የሚወሰድባቸው ጊዜያት ቢቻል በመግቢያ፣ ከ1 ሰዓት፣ ከ3 ሰዓትና ከ24 ሰዓት በኋላ ይሁኑ። የአንድ ሰዓቱ ናሙና የተመረጠው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ከፍተኛ ትብነት ያለውን ትሮፖኒን በመግቢያና ከ1 ሰዓት በኋላ እንዲለካ ስለሚመክር ነው፤ ንጽጽሩ እኩያ ከእኩያው ጋር እንዲሆን። ሕሙማን ዘግይተው በሚመጡበት ሆስፒታል የሚሠሩ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ጥያቄ ለሌሎች ትተው በሦስተኛው መንገድ፣ በትንበያው ጥያቄ ላይ ቢያተኩሩ ይሻላል።

ደም አቀዳድ

21 ጌጅ መርፌ በቀጥታ ወደ ደም ሥር አስገብተው ይቅዱ። ቀጭን ካኑላ፣ በተለይ ቀድሞ የተተከለና መድኃኒት የሚሰጥበት፣ ቀይ ሴሎችን ያፈነዳል። የክንድ ማሰሪያው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይ። መጀመሪያ የሚወጣው 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ደም መርፌው ከቆዳና ከደም ሥር ግድግዳ የገፈፋቸውን ሴሎች ስለሚይዝ ለጥናቱ አይውልም፤ ለተለመደው የሕክምና ምርመራ የሚሞላው ቱቦ ቀድሞ ቢሞላ ምንም ሳይባክን ችግሩ ይፈታል።

የጥናቱ ቱቦ ሐምራዊ ክዳን ያለው የኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ቱቦ ይሁን። ሰማያዊ ክዳን ያለው የሲትሬት ቱቦም ይሆናል፤ ዘጠኝ እጅ ደም ከአንድ እጅ ፈሳሽ ጋር ስለሚቀላቀል ግን እስከ መስመሩ በትክክል መሞላት አለበት፣ ከኢ.ዲ.ቲ.ኤ. ናሙና ጋርም በአንድ ጥናት ውስጥ አይደባለቅ። ሴረምን አልመክርም፤ ደሙ ሲረጋ ፕሌትሌቶች፣ ማለትም ደም የሚያረጉት ጥቃቅን ሴሎች፣ የራሳቸውን ማይክሮ አር ኤን ኤ እየለቀቁ ናሙናውን ይለውጡታልና። ቱቦውን ከሞሉ በኋላ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ብለው ይገልብጡት፤ ፈጽሞ አይነቅንቁት።

አረንጓዴ ክዳን ያለው ቱቦ በምንም ምክንያት አይግባ፤ ውስጡ ሄፓሪን የተባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት አለና።

ሄፓሪን

ይህን ክፍል ለይቼ የማወጣው ብዙ ድካም ከንቱ የሆነበት ስለሆነ ነው። ሄፓሪን አር ኤን ኤን ወደ ዲ ኤን ኤ የሚገለብጠውን ኢንዛይምም ዲ ኤን ኤውን የሚያባዛውንም ያግዳል። ቱቦውን ቢጠነቀቁም ሕሙሙ ራሱ በድንገተኛ ክፍል ወይም ልብ ቧንቧው በሚከፈትበት ክፍል ሄፓሪን በደም ሥሩ ይሰጠዋል። የንጽጽሩ ሰው፣ ልቡ ያልተጎዳው፣ ብዙ ጊዜ አይሰጠውም። ስለዚህ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የሚታየው ልዩነት የልብ ጉዳት ይሁን የሄፓሪን መኖር ሳይታወቅ ይቀራል።

የከፋው ደግሞ ጉዳቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አለመሄዱ ነው። ለማመሳከሪያ ከውጭ የምንጨምረው ሰው ሠራሽ ሞለኪውል በሄፓሪን ሲታገድ፣ ሒሳቡ “ከዚህ ናሙና ብዙ አር ኤን ኤ ጠፍቷል” ብሎ ስለሚያስብ የሕሙሙን ውጤት በማይገባው መጠን ያሳድገዋል። እንዲህ ያለ ውጤት ዓይን የሚስብ ግራፍ ይሠራል፤ ውሸት ነው።

ሊደረግ የሚገባው ይህ ነው። የመጀመሪያው ናሙና ሕክምናውን ሳያዘገይ ከተቻለ ከሄፓሪን በፊት ይቀዳ። ሄፓሪን የተሰጠበት ሰዓት፣ መጠኑና ዓይነቱ ከመድኃኒት ካርዱ ላይ ይገልበጥ። ከሄፓሪን በኋላ የተቀዳ ናሙና ካለ የወጣው አር ኤን ኤ ሄፓሪኔዝ በተባለ ሄፓሪንን በሚቆርጥ ኢንዛይም ይታከም፤ ይህም ሄፓሪን ለወሰዱት ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ናሙና፣ ለንጽጽሩም ጭምር ይደረግ። አንዱን ቡድን ብቻ ማከም አንዱን አድልዎ በሌላ አድልዎ መተካት ነው። አስፕሪንና ክሎፒዶግሬልም ፕሌትሌቶችን ስለሚያረጋጉ ከፕሌትሌት የሚመጡትን ማይክሮ አር ኤን ኤዎች ዝቅ ያደርጋሉ፤ የተሰጡበትን ሰዓት አብረው ይመዝግቡ።

ሴንትሪፉጅ፣ ሁለት ጊዜ

ደሙ ከተቀዳ በ2 ሰዓት ውስጥ ፕላዝማው መለየት አለበት፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሁሉም ናሙና የቆይታ ጊዜ ተመሳሳይ ይሁን። የመጀመሪያው ዙር በ2,000 ጂ (ከምድር ስበት 2,000 እጥፍ በሆነ ኃይል) ለ10 ደቂቃ ይሁን። በብዙ ላብራቶሪዎች ያሉት ሴንትሪፉጆች የሚያሳዩት የዙር ብዛት በደቂቃ ብቻ ስለሆነ መለወጥ ያስፈልጋል፤ የክንዱን ርዝመት በሴንቲ ሜትር ይለኩ፣ በዙሩ ብዛት ሁለት ጊዜ ያባዙት፣ ውጤቱን በ0.00001118 ያባዙ። ክንዱ 15 ሴንቲ ሜትር ሆኖ በደቂቃ 3,500 ዙር ቢዞር 2,050 ጂ ገደማ ይሆናል። በጽሑፍዎ ውስጥም የዙሩን ብዛት ሳይሆን የጂውን መጠን ያስፍሩ፤ ሌላው ሰው የእርስዎ ሴንትሪፉጅ የለውምና።

ከላይ ያለውን ፕላዝማ ሲያነሡ ከነጭ ሴሎቹ ሽፋን በላይ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይተዉ። ጥቂት ማይክሮ ሊትር ለማትረፍ ሲባል ፒፔቱ ወደዚያ ሽፋን ቢጠጋ ናሙናው በሙሉ ይበከላል። ከዚያም ፕላዝማውን ወደ አዲስ ቱቦ ገልብጠው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ በ10,000 ጂ ለ10 ደቂቃ እንደገና ያዙሩት። ይህ ሁለተኛ ዙር ፕሌትሌቶችን ለማስወገድ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ሊደረግ አይችልም፣ ምክንያቱም ፕሌትሌቶች በበረዶ ሲፈነዱ የያዙትን ሁሉ ፕላዝማው ውስጥ ያፈሳሉ።

ፕላዝማውን በ250 ማይክሮ ሊትር እየከፈሉ በየትንንሽ ቱቦው ያድርጉት፤ እያንዳንዱ ለአንድ ጊዜ ሥራ የሚበቃ ይሆናል፣ አንድ ጊዜ ከቀለጠም ተመልሶ አይቀዘቅዝም። ማስቀመጫው ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ፍሪዘሩ ከጄኔሬተር ጋር መገናኘቱን ብቻ ሳይሆን፣ ሌሊትና በበዓል ቀን የሙቀት መጠኑን የሚመዘግብ መሣሪያ መኖሩን ያረጋግጡ። አንድ ጊዜ ቀልጦ ተመልሶ የቀዘቀዘ ናሙና በዓይን አይለይም።

ቀይ ሴሎች ፈንድተው እንደሆነ መመርመር

ቀይ የደም ሴል ኒውክለስ ባይኖረውም ሚር-451ኤን እና ሚር-16ን በብዛት ተሸክሟል። ጥቂት ሴሎች እንኳ ሲፈነዱ የእነዚህ መጠን ይዘላል። ፕላዝማው ሐምራዊ ቀይ ወይም ሮዝ ሆኖ ከታየ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዓይን የማያየው ግን ይበዛል። ስለዚህ ሁለት ፈተና ያድርጉ። አንደኛው የብርሃን መምጠጥን በ414 ናኖ ሜትር መለካት ነው፤ በጥቃቅን መጠን በሚለካ ስፔክትሮፎቶ ሜትር ከ0.2 በላይ ከሆነ ይጠርጥሩት። ስብ የበዛበት ፕላዝማ ይህን ንባብ ያሳስታል። ስለዚህ ሁለተኛውን ይጨምሩ፤ በቀይ ሴሎች መፈንዳት የማይለወጠውን ሚር-23ኤን እና ሚር-451ኤን አብረው በፒሲአር (በየዑደቱ እጥፍ እያባዛ በሚለካ ዘዴ፤ ብዙ ያለው ነገር በቀደመ ዑደት ይታያል) ለክተው የመጀመሪያውን ዑደት ከሁለተኛው ጋር ያነጻጽሩ። ሚር-23ኤ በ30ኛው ዑደት፣ ሚር-451ኤ ደግሞ በ22ኛው ቢታይ ልዩነቱ 8 ነው። ከ7 በላይ የሆነ ልዩነት ያለው ናሙና ይውጣ። የሚወጣበት ወሰን ግን ውጤቱ ከመታየቱ በፊት በጥናት ዕቅዱ ላይ ይጻፍ።

አር ኤን ኤውን ማውጣት

በፌኖልና በጓኒዲን የሚሠራውን፣ ቀጥሎም በሲሊካ ማጣሪያ የሚያልፈውን ለፕላዝማ የተዘጋጀ ኪት ይጠቀሙ። ፌኖል ቆዳን ያቃጥላል፤ ሥራው በጭስ መሳቢያ ውስጥ፣ በጓንትና በመነጽር ይሁን። 200 ማይክሮ ሊትር ፕላዝማ ላይ 1 ሚሊ ሊትር ማፍረሻ ፈሳሽ ጨምረው ለ5 ደቂቃ ይተዉት።

አሁን ትሏ ተመለሰች። የሲ. ኤለጋንስ ሚር-39 በሰው ውስጥ የለም፤ ስለዚህ ሰው ሠራሽ ቅጂውን በታወቀ መጠን፣ ለምሳሌ 560 ሚሊዮን ቅጂ፣ በእያንዳንዱ ናሙና ላይ በመጨመር ከሥራው ሂደት ምን ያህል እንደተረፈ ማወቅ ይቻላል። የሚጨመረው ግን ማፍረሻው ፈሳሽ ከገባ በኋላ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ከገባ የፕላዝማው ኢንዛይሞች ወዲያው ይበሉታል፤ ጀማሪዎች ሞለኪውሉ “አልሠራም” የሚሉት ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ በኋላ ክሎሮፎርሙንም አልኮሉንም በኪቱ መመሪያ መሠረት ይከተሉ። በመጨረሻ የሚወጣው 14 ማይክሮ ሊትር ገደማ ነው።

የተገኘውን አር ኤን ኤ በናኖድሮፕ ለመለካት አይድከሙ። ከፕላዝማ የሚወጣው መጠን ከመሣሪያው አቅም በታች ስለሆነ የሚያሳየው ቁጥር ከኬሚካል ቅሪት የመጣ ነው። ለሁሉም ናሙና እኩል መጠን ያለው ፈሳሽ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይውሰዱ።

ፒሲአርና ስሌቱ

ኮቪድ-19 ከገባበት ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ሪል ታይም ፒሲአር በአገራችን በብዙ ክልሎች ስለተዳረሰ፣ ማሽኑም የሚሠራበት እጅም አለ። ልዩነቱ የሚለካው ነገር እጅግ አጭር መሆኑ ነው፤ የተለመደ ፕራይመር፣ ማለትም ማባዛቱን የሚያስጀምር አጭር ቁራጭ፣ ብቻውን 20 ኑክሊዮታይድ ያህል ሲሆን ሚር-499 ከዚያ እምብዛም አይረዝምም። ስለዚህ ወይ ራሱ ላይ በታጠፈ ፕራይመር፣ ወይም የአዴኒን ጅራት በመቀጠል ሞለኪውሉን ማስረዘም ያስፈልጋል። ሁለቱም ይሠራሉ፤ አንዱን ይዘው እስከ መጨረሻው ይዝለቁ።

እያንዳንዱ ናሙና ሦስት ጊዜ ይለካ። አር ኤን ኤ የሌለበትና ገልባጭ ኢንዛይም የሌለበት ጉድጓድ በየሳህኑ ይኑር። ታማሚዎቹና የንጽጽሩ ሰዎች በአንድ ሳህን ላይ ተደባልቀው ይቀመጡ፤ ሠራተኛው ማን ከየትኛው ቡድን እንደሆነ አይወቅ። የማባዛት ብቃቱን በተከታታይ በቀጠነ ናሙና ይፈትሹ፤ የመስመሩ ዝንባሌ ከሲቀነስ 3.1 እስከ ሲቀነስ 3.6 መካከል መሆን አለበት። ስለ ሂደቱ ምን ምን መዘገብ እንዳለበት እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ኤም አይ ኪው ኢ የተባለው መመሪያ ይዘረዝራል፤ ከመጀመሪያው ቀን አጠገብዎ ይኑር።

ለማመሳከሪያ ዩ6 የተባለውን አር ኤን ኤ አይጠቀሙ፤ በፕላዝማ ውስጥ አይረጋም። ሚር-16ንም አይጠቀሙ፤ ቀይ ሴሎች ሲፈነዱ ይጨምራልና። በዚህ ዘርፍ ሁሉም የተስማሙበት የውስጥ ማመሳከሪያ የለም፤ እኔ የምመርጠው የትሏን ሚር-39 ለሂደቱ፣ በራስዎ ናሙናዎች ላይ የማይለዋወጡ ሆነው የተገኙ ሁለት ወይም ሦስት ማይክሮ አር ኤን ኤዎችን አማካይ ደግሞ ለናሙናው መጠቀምን ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ላስረዳ። የአንድ ሕሙም ሚር-499 በ31.2ኛው ዑደት፣ ማመሳከሪያው በ20.4ኛው ታየ እንበል፤ ልዩነቱ 10.8 ነው። የንጽጽሩ ቡድን አማካይ ልዩነት 14.1 ከሆነ፣ ሕሙሙ በ3.3 ዑደት ቀድሟል። እያንዳንዱ ዑደት እጥፍ ስለሆነ 2 በ3.3 ሲነሣ ወደ 10 ይጠጋል፤ የሕሙሙ ሚር-499 አሥር እጥፍ ነው ማለት ነው። በብዙ የንጽጽር ሰዎች ሚር-208ቢ ጨርሶ አይታይም፤ “አልታየም” ማለት ዜሮ ማለት ስላልሆነ፣ እንዲህ ያለውን ውጤት እንዴት እንደሚይዙት፣ ለምሳሌ በ40ኛው ዑደት እንደታየ ቆጥረው፣ አስቀድመው ይወስኑ። የስታቲስቲክሱ ትንተናም በዑደት ልዩነቱ ላይ እንጂ በእጥፉ ላይ አይሁን።

ከትሮፖኒን ጎን ማቆም

ከፍተኛ ትብነት ያለውን ትሮፖኒን ከዚያው ናሙና፣ በዚያው ሰዓት ይለኩ። ክሪያቲኒንም ይለካ፤ የኩላሊት ድክመት ሁለቱንም ዓይነት ምልክት ሊያዛባ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ማይክሮ አር ኤን ኤ ታማሚውን ይለያል ወይ ሳይሆን፣ ዕድሜ፣ ኢሲጂና ትሮፖኒን ከታወቁ በኋላ የሚጨምረው አዲስ ነገር አለ ወይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በደረት ሕመም የመጡ 1,155 ሰዎችን የያዘ የአውሮፓ ጥናት ሚር-208ቢን፣ ሚር-499ን እና ሚር-320ኤን በዚህ መንገድ ፈትኖ፣ ለምርመራው በትሮፖኒን ላይ የሚጨምሩት ጥቅም እንደሌለ አግኝቷል። ይህን ጥናት ሳይጠቅስ በሠላሳ ሰው ላይ “አዲስ መመርመሪያ ተገኘ” የሚል ጽሑፍ ሲያዩ በጥንቃቄ ያንብቡት፤ የራስዎንም ሲጽፉ መጀመሪያ እርሱን ይጥቀሱ። ሰዓቱም ሊረሳ አይገባም፤ ትሮፖኒን ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ሲደርስ አር ኤን ኤን አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ አባዝቶ ለማንበብ ግማሽ ቀን ይወስዳል፤ በ15 ደቂቃ የሚነሣ ሞለኪውል ጥቅም የሚኖረው በዚያው ፍጥነት የሚያነበው መሣሪያ ሲኖር ነው።

ናሙና ወደ ውጭ አገር የሚላክ ከሆነ የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድና የናሙና ዝውውር ስምምነቱ ከመጀመሪያው ሕሙም በፊት ያልቁ፤ በፈቃደኝነት ቅጹም ላይ ናሙናው ወዴት እንደሚሄድና ለስንት ዓመት እንደሚቀመጥ ሕሙሙ በሚገባው አማርኛ ወይም በአፍ መፍቻው ቋንቋ ይጻፍ። ከየናሙናው ቢያንስ ሁለት ቱቦ ሳይነካ በፍሪዘሩ ይቀመጥ፤ አንዱ ውጤትዎን የሚጠራጠር ሰው ሲመጣ እንደገና የሚለካበት፣ ሌላው ነገ ለሚመጣው ጥያቄ።